ገመድ ተቀባዩ

ትሮጊር ላይ ደረስኩ በሐምሌ እኩለ ቀን፤
ምሰሶው ጫካ ነው፣ ቅጠል የሌለው ደን፣
ነፋስ ሲነሣበት፣ ሽቦው ሲማታ፣
ሲንቃጨል ይውላል ከጧት እስከ ማታ።

የሙኒክ ጥርስ ሐኪም፣ ነጭ ቆብ የደፋ፣
“ግራ በይ! ቀኝ በይ!” ሚስቱን ሲያዳፋ፣
ጀልባው በጎን ሄዶ ጎረቤት ሲገፋ፣
ያኔ መጣ ዱይሞ፤
አልጮኸም፣ አልሮጠም፤ እጁን ዘረጋና
የተጣለ ገመድ ቀለበ እንደ መና።
ሁለቴ ጠምጥሞ አሰረው ከዳሩ፤
ፀጥ አለ ጀልባው፣ ፀጥ አለ ትዳሩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ገመድ ተቀብሏል፣
የትሪየስትን ሀብታም፣ የማልታን አስጠግቷል፣
የሰዉን ስም ሳይሆን የጀልባን ስም ያውቃል፦
“ነፃነት” ስድስት ናቸው፣ “ሕልሜ” አሥር ደርሰዋል፤
“ጡረታዬ” አንዲት ናት፤ ባለቤቷ ሞቶ
ቆማለች ከጥግ ላይ ሸራዋ ተበልቶ።

“አንተስ፣” አልኩት፣ “ዱይሞ፣ የት ድረስ ቀዘፍከው ባሕሩን?”
ቀስ ብሎ ሳቀ፣ አሳየኝ የወርቅ ጥርሱን።
“እኔን ባሕር ያዞረኛል። በአሥራ ሰባት ዓመቴ
አንዴ ወጣሁ፣ ሰርዲን ላጠምድ ካባቴ፤
እኔ ሳስታውክ ዋልኩ፣ ዓሣው ጠገበ ካንጀቴ!”

ይህን እያለኝ ሳለ ሌላ ጀልባ መጣ፤
“ያዝ!” አለኝ በድንገት። ገመዱ ሲመጣ
እርጥብ ነው፣ ከባድ ነው፣ ጨው ጨው ይሸታል።
የማላውቀው ሰው ቤት፣ ድስቱና አልጋው፣
የተኛች ልጁና የሚጮኸው ውሻው
ተሳበ በእጄ፤
ዱይሞ ከኋላዬ “ቀስ” አለኝ፣ “ወዳጄ፣
ባሕር አይጎተትም። ጠብቅ፣ ይመጣል።”