ብርሃን ያልፋል ወይ?

ከገንደ ቆሬ ወዲህ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
በሙሴ ሮብሌ ጋራዥ፣ ጣራው በፀሐይ ነዶ፣
ሦስት ወር ሆነኝ፣ እሳት ሳልነካ፣
አንዲት ቁራጭ ሐዲድ ስሞርድ፣ ስለካ።

«ብየዳ አስተምረኝ» ብለው ሳቀብኝ፣
ሞርሳውን አጥብቆ ሞረድ አስያዘኝ፤
«ሲሄድ ተጫኚው፣ ሲመለስ አንሺው፣
ጥርሱ የሚበላው ወደ ፊት ሲሄድ ነው።
ገጽ ለገጽ ሳይተኛ፣ አፍ ለአፍ ሳይገጥም፣
ቅላጭ ቢደፉበት ብየዳ አይባልም።»

አብዶሽ ከጎኔ የባጃጅ ሻንሲ ይበይዳል፣
ፍንጣሪው ሸራ ጫማዬ ላይ ይወርዳል፤
እሱ ብር ይቆጥራል፣
ከእኔ ሻሽ የብረት ብናኝ ይራገፋል።

ሙሴ ማታ ማታ ድንች ይቆርጣል፣
ዓይኑ ላይ ለጥፎ ጋደም ይላል።
ሠላሳ ዓመት በምድር ባቡር ቤት
ያቺን ሰማያዊ ነጥብ፣ ሰው የሚሸሻት፣
ዓይኑን እየከፈለ በደሞዝ ተመለከታት።

ዛሬ ጨርሼ ሰጠሁት።
ስኳድራውን ደግፎ ወደ ፀሐይ ያዘው፤
በመሃል ብርሃን ካለ ብረቱ ጠማማ ነው።
አየ። ደግሞ አየ። ዓይኑን ጠራረገው።
በአውራ ጣቱ ዳበሰ፤ ጣቱም ጠባሳ ነው።
ከዚያ ዝግ ብሎ፣ አብዶሽ እንዳይሰማ፣
«ፈትያ፣ ነይ እስቲ፣ አንቺ እዪውማ፣
ብርሃን ያልፋል ወይ?»

የኤሌክትሮዱ እሽግ ተከፍቷል፣ ጭምብሉ ምስማር ላይ።
«አያልፍም» ብል ማን ያውቃል ከእኔ በላይ?

ፀጉር ታክላለች፣ ከግራ ጥጉ በኩል።
«ያልፋል» አልኩ።
ሙሴ ሳቀ ይሁን ተነፈሰ፣ እንጃ፤
ሞርሳውን ሲያጠብቅልኝ ሰማሁ፣
ሞረዱን አነሣሁ።