የመዝጋቢው እርሳስ

መንደራችን ስም የላትም፣ ቁጥር ነው የተረፋት፤
ሸንኮራ ያስተከሉ ጌቶች ከካርታ ላይ ሲቆርሷት
"ሃምሳ ሦስት" ብለው ሄዱ፣ ማንም ስም አላወጣላት።
ከኋላዋ የባሕር ግንብ፣ ከፊቷ የቦይ ውሃ፣
መሐሉ ላይ የክሪኬት ሜዳችን፣ እንደ እኛው ሣሩ ደሃ።

እኔ መዝጋቢ ነኝ እንጂ፣ ዱላ ይዤ አላውቅም፤
የስኳር ፋብሪካው ማርሽ የነከሰው ጉልበቴ አይታጠፍም።
እርሳስ ነው የእኔ ድርሻ፤ ከማንጎው ጥላ ቁጭ ብዬ
የሰው ሩጫ እጽፋለሁ፣ አንዷን ባንዷ ላይ ጥዬ።

ያን እሑድ ሥልሳ አንዶች መጡ፣ ሁለት ሚኒባስ ሞልተው፣
ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አዳዲስ ዱላ አንግተው።
የእኛም ሱሪ ነጭ ነው፤ ነጩ ግን ይለያያል፤
የአምበላችን የቶታራም የከረመ ቅቤ ይመስላል፣
የጋጋሪው የኦቪድ በተራመደ ቁጥር ዱቄት ያራግፋል፣
የሲራምን እናቱ ከጂንስ ጋር አጥባው ሰማይ ሆኗል።
የእግር መከላከያ ያለን ሁለት ጥንድ፤ ወጪው ለገቢው ያወልቃል።

መቶ አርባ ሁለት ሮጡ። ብዙ አይደለም፣ ይደረሳል።
ሄምቻንድ አንዷን ኳስ ለቀቃት፤ ከሰማይ ቀጥ ብላ ወርዳ
ከመዳፉ ገብታ ወጣች፣ እንደ ቸኮለች እንግዳ።
"ፀሐይ ነው" አለ። ፀሐይ ከጀርባው ነበረች።
ማንም ቃል አልተናገረ፤ ላም ብቻ ከቦዩ ዳር "እምቧ" አለች።

ከሻይ በኋላ ተራው የእኛ። ቶታራም ወገቡን አስሮ
ሥልሳ ሁለት ብቻውን ሮጠ፣ እንደ ልጅ በደስታ ሰክሮ።
አንዷን ኳስ ቢልካት ግንቡን ዘላ ባሕር ገባች፤
ስድስት ብዬ ጻፍኩ፤ እርሳሴ ከጣቴ ጋር ተንቀጠቀጠች።

መቶ ሠላሳ አራት ደርሰን የወደቀብን አምስት ሰው ብቻ ነበር።
ልጆች ጣሳ ይደበድባሉ። የኦቪድ ሚስት ሩም ልትከፍት ቡሹን በጥርሷ ይዛለች።
ከዚያ አንድ ቀጭን ልጅ አመጡ፣ ጢም ያላበቀለ፣
የሚወረውራት ኳስ መሬት ነክታ ሐሳቧን የምትቀይር።
ሦስቱን ችካል እንደ ወተት ጥርስ ነቀላቸው።
ሲራም ሄደ። ሄምቻንድ ሄደ። ላችማን ጓንቱን ሳያሞቅ ተመለሰ።
ኩትበርት ከዳኛው ጋር ጥቂት ተከራክሮ ሄደ።

መቶ አርባ። የቀረን ኦቪድ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥቶ
ለመንደሩ ዳቦ የጋገረ፣ ያልተኛ ዓይኑን አሽቶ።
መታት! ወደ ቦዩ በኩል፣ ሣሩ ወደ ረጠበበት፤
"ና!" አለ ቶታራም ከማዶ፤ ኦቪድም ተነሣበት
ግማሽ መንገድ ላይ ግን ጭቃው ግራ ጫማውን አስቀረበት።
አንድ ጫማ ያደረገ ሰው የሚሮጠውን ያህል ሮጠ።
ኳሷ ቀደመችው። ዳኛው ጣቱን አነሣ።

በሁለት ሩጫ።

እንግዶቹ እጃችንን ጨበጡ፣ የሠራነውን ዳል አመሰገኑ፣
ቀጭኑ ልጅ ሁለቴ አስጨምሮ በላ።
ያድነን የነበረው ዝናብም መጣ፣
ግማሽ ሰዓት አርፍዶ፣ እንደ ፖሊስ።
ኦቪድ ባዶ እግሩን ይዞ ወደ ቤቱ፣
ጫማውን ነገ ፈልጉልኝ ሳይል።

ማታ ደብተሩን ገለጥኩ፤ ከላይ ወደ ታች ደመርኩ፣
ከታች ወደ ላይ ደመርኩ፣ ዳግመኛም ከመሐል ጀመርኩ፤
የጠፋች አንዲት ሩጫ ከመስመር ሥር አድፍጣ
ትጠብቀኝ እንደሆን ብዬ፣ ከነሽንፈታችን ልታወጣ።

ስህተትስ አገኘሁ። ግንቡን ከዘለለችው ስድስት ጎን
አንዲት ጭረት፤ እጄ ሲንቀጠቀጥ የሰመረች፣
ሩጫ መስላ ከሩጫ የተቆጠረች።
እንግዲያ ሽንፈታችን በሦስት ነው።
የቶታራምም ሥልሳ ሁለት ሥልሳ አንድ፤
ከስንት ቁጥር መሐል፣ የእነሱ መንደር ስም።

ጠዋት በብስክሌት ሲያልፍ ፍሬኑን ያዘና
"በስንት ነበር?" አለኝ፣ የሚያውቀውን።
"በሁለት" አልኩት። "አንተ ግን ሥልሳ ሁለት ሮጠሃል።"
ወገቡን ይዞ ሣቀ፣ ፔዳሉን ረገጠ፣ ሄደ።

ላጲሱ ኪሴ ውስጥ ነበር።