የቀዘቀዘ አጥር

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አራት ኪሎ፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ
የሰው ስሕተት ስለቅም፣ «ሀ»ን ከ«ሐ» ስመርጥ፣
በቀይ እስክሪብቶ ትርፍ ቃል ስቆርጥ
ኖርሁና ጡረታ ወጣሁ።
የራሴን ደም ግን፣ ለካ፣ ሳላነበው ነው የመጣሁ።

ዘውዲቱ ሆስፒታል ሐኪሟ ክንዴን አስራ ለካች፤
ዝም አለች። ደግማ ለካች።
«ጋሽ አጥናፉ፣ ጨው ይቀንሱ፤
አትክልት ያዘውትሩ፤ ጥራጥሬም አይርሱ።»

«እሺ» አልኋት። እሺ ማለት ምን ይገዳል!
አትክልት ተራው ከፒያሳ ተነሥቷል፤ እግሬ እስከዚያ የት ይሄዳል?
ቢገዛስ? ለአንድ አፍ የተገዛ ጎመን
ሰኞ ለምለም ነው፤ ዓርብ ያልፍበታል ዘመን።

ስለዚህ ነስሩ ሱቅ ገባሁ፤ መደርደሪያው ሙሉ ቆርቆሮ፣
ጥግ ላይ ማቀዝቀዣው ያንኮራፋል፣ በሩ በገመድ ታስሮ።
አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ፤ አንዱን አነሣሁ፣ አንዱን መለስሁት፣
ጀርባ ጀርባውን አነበብሁት።
«ጋሼ» አለ ነስሩ፣ «ሊገዙት ነው ሊያርሙት?»

አልሳቅሁም። ሥራ ላይ ነበርሁ።

«ሽምብራ፣ ውኃ፣ ጨው።» በቃ። ሦስት ቃል!
እንዲህ አጥርቶ የሚጽፍ ደራሲ በዕድሜዬ ስንቱ አጋጥሞኛል?
ሌላው ባቄላ ነኝ ይላል፤ ከሥሩ ስኳር፣ ቀለም፣ ቁጥር ያዘለ ስም፤
ባቄላ ቤት ስኳር ምን አገባው? መለስሁት፦ አይታተምም።
አንዱ ሆዱ ተነፍቷል፣ እንደ ረጅም መቅድም፤
«ይሄን ጣለው» አልሁ ለነስሩ፣ «ለድመት እንኳ አይሆንም።»
ቱናው ሁለት ዓይነት ነው፤ የዘይቱን ትቼ የውኃውን መረጥሁ።
ሁዳዴ ነው፤ ቢሆንም ገዛሁ። አፉን እንደዘጋ አብሮኝ ይጹም አልሁ።

ከዚያ ነስሩ ገመዱን ፈትቶ ማቀዝቀዣውን ከፈተው፤
በረዶ የለበሰ ከረጢት፤ ላዩ ላይ ወረቀት፣ ማን እንደተየበው፦
«የቀዘቀዘ አጥር። ግማሽ ኪሎ።»

አጥር!
እጄ ቀዩን እስክሪብቶ ፍለጋ ደረት ኪሴ ገባ።
ግን ሳየው፣ ከፕላስቲኩ በስተጀርባ
አተሩ ክብ ክብ፣ አረንጓዴ፣ አንዱ ካንዱ የማይበልጥ፤
በለጋው ተለቅሞ፣ ሳይውል ሳያድር የቀዘቀዘ፣
ከሰኞ ጎመኔ ይልቅ ወጣትነቱን የያዘ።
ስሕተቱን ተውሁት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ።
አጥሬን ታቅፌ ቤቴ ገባሁ፣ የደነዘዘ ብብት ይዤ።

ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። መክፈቻ የለኝ፤ በቢላና በዘነዘና
ቆርቆሮውን ስደበድብ በሩ ተንኳኳ፤ የፊት ለፊቷ ልጅ፣ ሶልያና።
«‹ቤት እያፈረሱ ነው?› ብላለች እማዬ» አለች።
መክፈቻም ይዛለች።

ከጄሪካን በተቆጠረ ውኃ ሽምብራውን አጠብሁ፣ ደግሜ አለቀለቅሁ፤
አረፋው ጨዉን አዝሎ ወደ ግንፍሌ ሲወርድ ሰማሁ።

በማግሥቱ መብራት ሄደ። ጧት ይመጣል ተባለ። ማታ ተባለ።
ከረጢቱ ማላብ ጀመረ። ከሥሩ፣ በጥቃቅን ፊደል፦
«ከቀለጠ መልሰው አያቀዝቅዙ።»
ይህኛው እርማት አያሻውም።

ስምንት ዓመት በ«እንደምን አደሩ» ብቻ ያለፍሁትን በር አንኳኳሁ።
«ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ አጥሬ ቀልጧል» አልሁ።

ሳቋ ደረጃውን ወረደ።
ከሰል ነደደ።
አተር፣ ሽምብራ፣ ቀይ ሽንኩርት፤ ቃሪያ ተከተፈ፣ ሎሚ ተጨመቀ።
ሶልያና አተር ስትቆጥር ሠላሳ ላይ ተሳሳተች፤ እንደገና ጀመረች።
ፈትለወርቅ ቀመሰች፤ ፊቷ ተጨማደደ።
«ጨው የለውም እኮ!»
«ታርሟል» አልኋት።
ትንሽ ቆይታ ሎሚ ጨመረች፤
ከዚያ ዝም ብላ በላች።

መብራት የመጣው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤
ማቀዝቀዣዬ ባዶ ሆዱን ያንኮራፋ ጀመረ።
ያንን ወረቀት ኩሽና ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ቀይ መስመር ሳልነካው።

የሐኪሟ ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነው።
ቁጥሩ ምን እንደሚል አላውቅም።
ቱናው መደርደሪያ ላይ አፉን ዘግቶ ይጠብቃል፤
መክፈቻው ፊት ለፊት ቤት ነው።