አስር ቁጥር

በማሾ መጋዘን ሮቢት እንዳደርኩኝ፣
ወገቤ ሳይቃና ላቤ ሳይደርቅልኝ፣
ከደብረ ብርሃን ስልክ፣ ገና ሳይነጋልኝ፦
«ካርቶን ፋብሪካ ነው፣ ፎርክሊፍቱ እምቢ አለ፣
አምስት ከባድ መኪና በር ላይ ተኮለኮለ።»
«ምን ዓይነት ድምፅ አለው?» ብዬ ብጠይቀው፣
«ያለቅሳል» አለና ኔትወርኩ ወሰደው።

«ሳጥኑ ሰው ያህላል» አለኝ ረዳቱ፣
የሁለት ሰው ከፈልኩ፣ ለኔና ለብረቱ።
ጣርማ በር ላይ ጉሙ መስታወት ሸፍኖ፣
ሾፌሩ በጥሩንባ መንገዱን ለምኖ፣
የሮቢት ላብ ጀርባዬ ላይ ውርጭ ሆኖ
ደረስኩ።

በሩ ላይ ባሻ ዘርጋው መዝገቡን ገለጠ፣
እያንዳንዷን ብረት ቆጥሮ አስቀመጠ፦
«ቁልፍ አስራ ሰባት። ካቻቢቴ አራት።
ፒንሳ አንድ። መዶሻ። ይሄስ ምንድን ነው?» «መብራት።»
ይጽፋል ቀስ ብሎ እርሳሱን በምራቅ አርሶ፣
ከውስጥ ሥራ አስኪያጁ ትዕግስቱን ጨርሶ።

ማሽኑ ተኮራምቷል በፈሰሰ ዘይቱ፣
ትርንጎ፣ ነጂዋ፣ ቆማለች ከፊቱ፦
«ያንጠባጥባል ብዬ ነግሬ ነበረ፣
ለመስቀል ዋዜማ።» ይኸው ኅዳር ሚካኤል ከበረ።

መመሪያው ቻይንኛ ነው፤ ስዕሉን አነበብኩ።
ጎሚኒው ተበልቷል፤ መርካቶ ደወልኩ።
«አለ» አለኝ ሰውዬው። «ስንት ነው?» ስለው ዝም።
ዋጋውን ሲነግረኝ እኔም አልኩኝ ዝም።

ከጓሮ የሞተ ማሽን፣ ሳር የበቀለበት፣
ሆዱን ብዘረግፈው አንድ ደህና ጎሚኒ አገኘሁበት።
ልገጥም ስጎነበስ መብራት እልም አለ፤
ትርንጎ በስልኳ አበራችልኝ፣
ጣቴ ሲደነዝዝ እሷ ቁልፍ አቀበለችኝ።

አመሻሽ ላይ ሹካው ተንቀጥቅጦ ወጣ።
ያጨበጨበ የለም። ጭነት ቀጠለ።
ሥራ አስኪያጁ ፈርሞ «ሂሳብ ክፍል» አለ።
ሂሳብ ክፍል ሄድኩኝ፤
ሂሳብ ክፍል ቤቱ ገብቷል።

ባሻ ዘርጋው ደግሞ ሳጥኔን ዘረገፈ፣
«ቁልፍ አስራ ስድስት» ቆጥሮ አሰፈፈ።
አስር ቁጥር የለችም።
ማሽኑ ሆድ ውስጥ ናት፤ ይሰማኛል ከሩቅ፣
ካርቶን ሲያነሳ ኳ፣ ሲያወርድ ኳ ስትል።
ልመለስ ስል ባሻ ክንዴን ያዝ አረገኝ፦
«አንድ ቢተርፍ ነበር አላሳልፍ የምልህ፤
የጎደለ አይጠየቅም። ደህና እደር» አለኝ።

ሳጥኔን ተሸክሜ መናኸሪያ ወረድኩ፣
በአንድ ቁልፍ ቀልሏል ብዬ ተከራከርኩ፤
ረዳቱ ሳቅ ብሎ ጎተተ በሩን፣
«ሳጥን ያው ሳጥን ነው። ክፈል የሁለቱን።»