በሬን ወሰዱብኝ

ጋሽ አደም በጥቅምት መጨረሻ፣ ጎህ ሳይቀድ መጡና
ፒንሳና መዶሻ ከኮታቸው ኪስ አወጡና፣
«የስድስት ወር ውዝፍ!» ብለው ሳይጨርሱ
ማጠፊያውን ፈተው በሬን አነሡ፤
በጀርባቸው አዝለው ዳገቱን ተመለሱ።
ቁልፉ እኔ ጋር ቀረ።

ደሴ ናት እንግዲህ፤ ጦሳ ከትከሻው ጋቢውን ሲጥል
ጉሙ ቁልቁል ወርዶ ደጅ ለደጅ ይላል።
ያለ ቅድመ ክፍያ፣ ያለ ውል፣ ያለ ዋስ
አልጋዬ ላይ ወጥቶ አደረ እስኪነጋ ድረስ።
ልጄ ሲስል አደረ፣ እኔ ስቆጥር አደርኩ፣
በመቃኑ ላይ የዩኒፎርም ጨርቅ በሚስማር ሰቀልኩ።
አርባ ስምንት ልብስ ሰፍቼ ካስረከብኩ ሁለት ወር አለፈኝ፤
«በጀት አልተለቀቀም» ይለኛል ርዕሰ መምህሩ ባገኘኝ።
ይኸንኑ ቃል ይዤ ጋሽ አደም ፊት ብቆም አልገባቸውም።
እኔስ መቼ ገባኝ፤ በጀት ምን ቢያጠፋ ነው የማይለቀቀው ዘንድሮም?

ቀበሌ ሄጄ «በሬን ወሰዱብኝ!» ብዬ ጮህኩኝ፤
ዘበኛው ፎጣውን ከአፉ ላይ አውርዶ ሽቅብ አየኝ፦
«ሰኞ ገበያ ሂጂ፤ ለመሆኑስ በሬ ከተማ መሃል በምን ሣር?»
«የሚያርሰው አይደለም፤ የሚዘጋው፤ በር!»
ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
ያለ አንዱ አይታረስ፣ ያለ አንዱ አይታደር።

ሽማግሌ ተቀመጠ።
«ልቀቂላቸው፤ ሚስታቸው ታማለች፣ መድኃኒት ተወዷል።»
እውነት ነው፣ ታማለች። አጥሚት ወስጄ ትራሷ ሥር ተቀምጫለሁ።
ግን ሕመም በር ይነቅላል?

ችሎት። ዳኛዋ ወጣት ናት፣ ጉንፋን ይዟታል።
«ስንት ወር አለብሽ?»
«ሁለት።»
«ስድስት!» አሉ ጋሽ አደም፣ ሳይጠየቁ ተነሥተው።
«የጽሑፍ ውል?» «የለም።» «ደረሰኝስ የታለ?»
«እሳቸው ግቢ ነው» አልኩ፣ «የዶሮ ቤቱ ላይ ተከድኖ ያለ።»
ችሎቱ ሳቀ። ጋሽ አደም ግን አልሳቁም፤
ቀስ ብሎ ገባቸው።

ረውዳ፣ የመጨረሻ ልጃቸው፣ ዘጠነኛ ክፍል፣
በየወሩ መጥታ ብሩን ሁለቴ ቆጥራ ስትቀበል
ከበሩ ጀርባ፣ በውስጥ በኩል፣ በቀይ እስክሪብቶ ትጽፍ ነበር፦
ግንቦት፦ ተቀብያለሁ።
ሰኔ፦ ተቀብያለሁ።
ሐምሌ፦ መቶ ብር ጎድሎ፣ በማግሥቱ ሞላ።
ነሐሴ፦ ተቀብያለሁ።
ጳጉሜ፦ ነፃ። ከጎኑ አበባ።
ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ባዶውን አልክድም፤ ዕዳዬ እሱ ነው።
በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ! ሣሩን አይቶ ገደሉን የሳተ ማነው?

በቀጠሮው ቀን ሁለት ወዛደሮች ከሸዋ በር ተሸክመው አመጡት፤
ፒያሳ ላይ ቃሬዛ የመሰላቸው ቆመው አሳለፉት።
ኩስ ነበረበት። ዳኛዋ በመሐረቧ ጠርጋ አነበበች፣
አበባው ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆየች።
ረውዳ ተጠራች። ወደ አባቷ አላየችም።
«ጽሕፈቴ ነው» አለች።

«ሁለቱን ወር በሦስት ጊዜ ክፈይ። በሩ ዛሬውኑ ይመለስ።
ኪራይ ሲወዘፍ ክስ ወደዚህ ይመጣል እንጂ
መዶሻ ወደ ሰው ቤት አይሄድም።»
አስነጠሳት። መዝገቡ ተዘጋ።

ጋሽ አደም ራሳቸው ገጠሙት፣ ምሽት ላይ፣ በባትሪ፤
ባትሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል አልተነጋገርንም።
ገልብጠው ነው የገጠሙት፤ የውስጡ ወደ ውጭ፣
ግንቦትና ሰኔ፣ አበባውም ጭምር፣ ለመንገደኛ ተሰጡ።
አውቀው ይሁን ሳያውቁ አልጠየቅኋቸውም፤
«ደህና እደሪ» ብለው ወጡ።

ቁልፌ አሁን በግራ ይዞራል።
ከሥሩ አንድ ጣት የምታስገባ ክፍተት ቀርታለች፣
ጉሙ በሷ ይገባል፣ እንደ ልማዱ፣ ማታ ማታ።
ኪራይ አልጠይቀውም።