ውሃ ቢወቅጡት

ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ፣ ደረጃ ሥር ባለች ክፍል፣
ሥራዬ መቁረጥ ነው፤ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና ሳልል።
ሙሽራ ሲያስነጥስ እቆርጣለሁ፣
አጎት ሲያዛጋ እቆርጣለሁ፣
መብራት ሲሄድ ቁጭ እላለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ናሁሰናይ መጣ፣
በሚያዝያ ሐሩር ሻርፑን ጠምጥሞ፤
አንዲት ፍላሽ ከደረት ኪሱ አወጣ፣
እንደ ዕቁብ ገንዘብ በሁለት እጁ ተሸክሞ።
ርዕሱ ጥያቄ ነው፤ «የፋሲል መዋኛ ውሃው ከየት ይመጣል?»
ርዝመቱ አርባ ሁለት ደቂቃ።
«አደራ፣ አንድ ሴኮንድ ከተነካ ሐሳቡ ይሞታል።»

ከፈትኩት። ጨለማ።
ከጨለማው ውስጥ ፒያኖ፣ እንደ ላላ ቧንቧ የሚንጠባጠብ፤
ከዚያ ድሮን፣ እንደ ጭልፊት ግንቡን የሚከብ፤
ከዚያ ድምፁ። የማውቀው የአራዳ ልጅ ድምፅ አይደለም፣
ጉሮሮው ሥር ወርዷል፤ ጉንፋን ግን የለበትም።
«ውሃ ምንድን ነው?» ይላል። «መምጣትስ?
ምናልባት እኛ ጥያቄውን ሳይሆን፣
ጥያቄው እኛን ይጠይቀን ይሆን?»
ዝም አለ። ዝምታውን ለካሁት፤ ዐሥራ አንድ ሴኮንድ።
በዐሥራ አንድ ሴኮንድ የአዘዞ ባጃጅ
ሦስት ሰው ጭኖ ይነሳል፣ አራተኛውን በግድ።

ምዕራፍ አንድ፣ ትዝታ።
ምዕራፍ ሁለት፣ የትዝታ ትዝታ።
የአንድ ጀርመናዊ ፈላስፋ ስም ሦስት ጊዜ ተጠራ፣
ሦስቱም ጊዜ በሌላ በሌላ አጠራር።
ሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ቅጠል ወደቀ፤
ወደ ዛፉ ተመለሰ፤
በዝግታ ደግሞ ወደቀ።

ሠላሳ ዘጠነኛው ላይ፣ በምስሉ ጠርዝ፣
ከጥምቀት ወዲህ በደረቀው ገንዳ ውስጥ፣
መጥረጊያ የያዙት ጥበቃ፣ ጋሽ ተገኝ፣ ሲጠየቁ፣
«ከቀሃ ነዋ፣ በቦይ!» አሉና ሳቁ፤
ቅጠላቸውን መጥረግ ቀጠሉ።
ሦስት ቃል።
እሱንም ፒያኖው ውጦታል።

እኔ የደምቢያ ልጅ ነኝ። አባቴ ጣና ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበር።
ያ መጤ አረም መጀመሪያ ሲታይ ከዳር፣
ሐምራዊ አበባውን አይተን «እንዴት ያምራል!» አልን፤
አንዲት እህቴማ ለጠርሙስ ቆረጠች።
ከዚያ ሰፋ፣ ሰፋ፣
ታንኳ የሚገባበት ጠፋ፤
ከሥሩ ውሃ መኖሩን የሚያውቅ የሚያውቀው ብቻ ቀረ።
አባቴ መቅዘፊያውን ግድግዳ ላይ ሰቀለና፣
«ድሮ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነበር ተረቱ፤
ዛሬ ሳይወቅጡትም እምቦጭ ሆኗል ቤቱ» አለ።

«ለምን አስረዘምከው?» አልኩት ናሁሰናይን።
ሊቆጣ አሰበ፤ ተወው። ሻርፑን ፈታ፤ አንገቱ በላብ ተጠምቋል።
የወረደው ድምፁ ወጣ፤ የሰፈሬን ልጅ አገኘሁት።
«አራት ዓመት ማራኪ ታሪክ ተማርኩ፣» አለኝ፣
«ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጥኩ።
ነገሩ በሦስት ቃል ካለቀ፣
እኔን ታዲያ ማን ሰው ይበለኝ?»

መልስ ነበረኝ። ብዙ።
ስለ ጌጥና ስለ አጥንት፣ ስለሚያውቅና ስለሚፈራ፤
ምላሴ ጫፍ ደርሶ ሲንጋጋ ሰማሁት፤ የራሴን ፒያኖ፣ የራሴን ድሮን።
ዋጥኩት።
ይኸው ለሦስት ቃል ይህን ሁሉ ስንኝ የፈጀሁ እኔ፣
በማን ላይ ልሳል መቀሴን?

አርባ ሁለቱን ደቂቃ ተውኩለት። ጀርመናዊውንም።
የቆረጥኩት አንድ ቦታ ነው፤ ከጋሽ ተገኝ ድምፅ ሥር ያለውን ፒያኖ።
እሱ አላየኝም፤ ሻርፑን ያጥፍ ነበር።
አሁን እዚያ ድረስ የታገሠ ሰው፣
ካለ፣
መጥረጊያው ድንጋይ ሲነካ ይሰማዋል፤
ሽው፣ ሽው፤
ከዚያ፣ «ከቀሃ ነዋ።»