የኒማይ አንጀት

ኒማይ ጀልባ ነጂው፣ የባሪሳል ሰው፣
ሐኪም ካሜራ ባለው ቀጭን ገመድ ሆዱን ሊያየው
ቁንጣሪ ሥጋ ሊሰጥ ወረቀት ፈረመው።
ቀና ብሎ ግን ጠየቀ፤ «ምን ልትቀልቡት ነው?»
«ስኳርና ጨው፣ ጥቂት ቪታሚን» አለች ጁቲካ።
«ዓሣስ?»
«ዓሣ የለም።»
ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያ የኔ አይደለም።»

አሁን በዳካ ሌሊት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣
በሠላሳ ሰባት ሙቀት፣ በር ባለው ሣጥን ውስጥ
ያ ቁንጣሪ አድጓል፤
ከሰሊጥ ያነሰ፣ ክብ ሆኖ ተጠቅልሏል፣
እጥፋት አውጥቷል፣ ልጋግ ያመነጫል፣
በየአምስት ቀኑ ሽፋኑን ያድሳል።
አፍ የሌለው አንጀት፣ ጉሮሮ የሌለው፣
ሳይበላ የሚያመሽ፣ ሳይራብ የሚያድር ነው።

ጁቲካ በቀጭን መርፌ ሺጌላን ጨመረች፤
ሰዓቷን አየችና ወንበር ስባ ቁጭ አለች።
ይህ እንግዳ በደጅ አይገባም፤
በጓሮ ዞሮ ነው። ገብቶም አይቀመጥም፤
ከቤት ወደ ጎረቤት ግድግዳ እየበሳ፣
ማንም ሳይሰማው፣ አንድ ውሻ ሳያስነሳ።
በስድስት ሰዓት አራት፣
በዘጠኝ ሰዓት አርባ ሕዋስ ወደቀ፤
ቆጥራ መዘገበች፤ እስክርቢቶዋ ደረቀ።
በሌላው ሳህን ደግሞ መድኃኒት የቀመሰው አለ፤
እሱም እየወደቀ ነው፣ ግን ቀስ እያለ።
ምናልባት። ገና ምንም አልተባለ።

አይጮህም። አያቃስትም። ፊት የለው የሚጨማደድ።
ታች ግን፣ ምድር ቤት፣ ከአልጋ አልጋ ስትሄድ
የሦስት ዓመቱ ሾይኮት፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣
ሽቅብ ያያታል፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ዘልቆ።
በእኛ አፍ እንዲህ ያለ ዓይን አንጀት ይበላል ይባላል፤
የማንን እንደሚበላ ማን ጠይቆ ያውቃል?
ላይ ቤት ያለው አንጀት በእውነት እየተበላ ነው፤
ማንም አላዘነለት፤
ለራሱም እንዳያዝን፣ ሆድ እንኳን የለው።

ሊነጋ ሲል ስልክ ጠራ። ኒማይ ነው፣ ከወንዙ ላይ፤
ሞተሩ ይንተከተካል፣ ዝናቡም አልቆመም ወይ፣
ድምፁ ይቆራረጣል።
«አንጀቴ እንዴት አደረ?» አላት።
ጁቲካ ዝም አለች፤ ውሸት አልመጣላት።
«ታሟል» አለችው። «ክፉኛ። እኔው ነኝ ያሳመምኩት።»

ጥቂት ሞተሩ ብቻ ተሰማ።

«ይገርማል» አለ ኒማይ። «እኔ'ኮ ማታ ዓሣ በልቼ፣
አንዴም ሳልገላበጥ አደርኩ ተኝቼ።»